መሬት የነካ ፎጣ

ከፖ ወንዝ ማዶ፣ ከቶሪኖ ዳር፣
ጉሙ ሳይገለጥ፣ ሳትሞቅ የጧት ጀንበር፣
ኦታቪያ መጣች ቁልፍ እያቃጨለች፣
ሦስት ፎጣ በተርታ ጠረጴዛው ላይ ጣለች፤
«ምረጥ» አለች።

አንደኛው ነጭ፣ ወፍራም፣ የመታጠቢያ ቤት፣
ከሆቴል የወጣ፣ ስም የተጠለፈበት፤
ሁለተኛው ቢጫ፣ ስስ፣ የቅዳሜ ገበያ፣
ዐሥሩ በአምስት ዩሮ፣ የመስኮት መጥረጊያ፤
ሦስተኛው ሰማያዊ፣ ክሩ የተገመደ፣
ሲነኩት ጣት ይዞ ወደ ውስጥ የወሰደ።

ነጩን አነሣሁ እኔ። ለሰው ገላ የሆነ
ለቆርቆሮ አያንስም ብዬ ልቤ አመነ።

ሳቀች። ከመሳቢያ አሮጌ ሲዲ አወጣች፤
«የሠርጌ ዘፈን ነው፣ ማንም አይሰማው» አለች፤
አንጸባራቂ ፊቱን በነጩ አሸት አደረገችና
ወደ መብራቱ አዘነበለችው።
የሸረሪት ድር! ቀጭን፣ ክብ በክብ፣
ቅድም ያልነበረ፣ ከእንግዲህ የማይለቅ።
«ክሩ ብቻ አይደለም፤ ጠርዙን እየው፣ ስፌቱን፣
አንገቱ ላይ የሰፉለትን ምልክቱን፤
እዚያ ነው ጥፍሩ።»
ሰማያዊውን ደግሞ በሌላው ጥግ ሳበች፤
ሲዲው እንደ ኩሬ ፊቴን መልሶ አሳየኝ።

ቀጠለች፦
«ምልክቱን በመቀስ ዛሬውኑ ቁረጥ።
ማለስለሻ አትጨምር፣ ውሃ አልጠጣም ይላል፤
ከቢጫው ጋር አትጠበው፣ ብናኙን ይለቅማል።
አትሽ። ዘርጋና ሳብ። ውሃውን ራሱ ይጠጣ፤
የቸኮለ እጅ ነው ጭረት የሚያመጣ።
ደግሞ ስማኝ» አለች ጣቷን ቀስራ፣
«መሬት የነካ ፎጣ ቀለም ላይ አይሠራ፤
ብታራግፈው፣ ብታጥበው፣ ብትምልልኝ እንኳ፣
ወደ ቸርኬ ይውረድ።»

«ከፓራፋንጎው ልጀምር፣ ወይስ ከኮፈኖ?»
ቀና አለች፣ ግርምት ፊቷ ላይ ሆኖ፦
«ጣልያንኛ ማን አስተማረህ?»

ማን ያስተምረኛል? አጎቴ ማንደፍሮ፣
ናዝሬት፣ ከጋራዡ፣ ከዘይቱ ጓሮ፣
ኮፈኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖኪዮ፣ ቸርኬ ሲል
አማርኛ ነው ብዬ ነበር የኖርኩት።
እሱም እንደዚያው ሳይመስለው አልቀረም።
ሰይቼንቶውን በጆንያ ቁራጭ፣ ላምባ ነክሮ፣
ይፈትገው ነበር ግንባሩን ቋጥሮ፤
ቀለሙ ጭረት በጭረት። «ታክሲ ናት» ይላል፣
«ሙሽራ አይደለች፣ ማን ፊቷን ያያል?»

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ጥቁር ላንቻ መጣ፣
የፋርማሲስቱ፤ ለአንዲት ጠብታ የሚቆጣ።
ጣሪያውን ዘርግቼ ሳብኩ፤ ኮፈኖው ላይ ስደርስ
ፎጣው መዳፌን ያዘኝ።
እንዲህ ነው ጥሩ ፎጣ፤ ቀለሙን አይጎዳም፣
የሻከረ ቆዳ ግን በዋዛ አይለቅም፤
የእጄን ስንጥቅ፣ የብየዳ ዘመኔን፣
ክር በክር ገብቶ ቆጠረው።
ላላቅቀው ስል ወደቀ።

አንዴ። ሲሚንቶው ላይ።
ኦታቪያ ስልክ ላይ ናት። ሰውዬው ጋዜጣው ውስጥ።
ያየኝ ቢኖር ያ የታጠበ ጥቁር ብቻ፣
ፊቴን ቁልቁል ገልብጦ የያዘው ላንቻ።
አነሣሁት፤ አየሁት፤ ምንም የለበትም፣
ዐሥራ አራት ዩሮ ነው፣ ሳምንት አልሞላውም።
አራገፍኩት። እጄ ወደ ኮፈኖው ሄዶ
ተመለሰ።

«ወደቀ» አልኳት ማታ፣ ስንዘጋ።
«ስንት ጊዜ?»
«አንዴ።»
«ከደሞዝህ ነው» አለች፤ ቁልፏን አቃጨለች፤
«እንግዲያው ያንተ ነው፣ ይዘኸው ሂድ።»

አራተኛ ፎቅ፣ ክፍሌ፣ ፊቴን ታጥቤ
አደረቅሁበት። ለላንቻ ባይበቃ
ለእኔ ጉንጭ መች ያንሳል፣ እንዴት ይለሰልሳል፣
ብዬ ሳልጨርስ፣
ከክሩ ሥር፣ ከጥልቁ፣ ያላየኋት አሸዋ፣
ከጤፍ ያነሰች፣ ጉንጬን ጫረችኝ።
በመስታወት አየሁት፦ ቀጭን፣ ቀይ መሥመር።

ደስ አለኝ።